በአሮጌ ኮምፒውተር የትኛው ኤዲተር ይሻላል? ፊደሉንም መብራቱንም አስበን

አራት ኪሎ፣ ከምኖርበት ሕንፃ ሥር፣ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት የሚሠራባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ አንዳንዴም ሙሉ የመመረቂያ ጽሑፍ ይገባባታል። ባለቤቷን ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ኮምፒውተራቸው ፔንቲየም 4 ነው፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ ተጭኖበታል። «ይሠራል እኮ፣ ምን አድርጎኝ ልጣለው?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ደወሉልኝ። «የኔ ልጅ፣ እስቲ ወርደህ እየው። የሰው ውል ጥያቄ ምልክት ሆኖ ቀረ።»

ወረድኩ። ደንበኛው በፍላሽ ያመጡት ውል ወርድ ላይ ቅርጹ እትዬን አስቸግሯቸዋል። ስለዚህ ጽሑፉን ገልብጠው ኖትፓድ ላይ ለጠፉት፣ ስም አስተካከሉ፣ ሴቭ አደረጉ፣ ዘጉ። ሲከፍቱት ሁለት ገጽ ሙሉ የጥያቄ ምልክት። ከቁጥሮቹ በቀር አንድ ፊደል የለም። ኮምፒውተሩ ሴቭ ከማድረጉ በፊት በእንግሊዝኛ ጠይቋቸው ነበር። እሳቸውም እንደ ማናችንም ሳያነቡ «እሺ» አሉት።

በዚያው ሳምንት የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ታቅፎ መጣ። ኮር ቱ ዱዎ፣ 2 ጊጋባይት ራም፣ ዊንዶውስ 7። ኮዲንግ ጀምሯል። በ2024 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና እሱንም እንደ ብዙ እኩዮቹ አነሳስቶታል። «ጋሼ፣ ቪኤስ ኮድ የሚባለው ኮድ መጻፊያ፣ አዲሱ፣ አልጫን አለኝ። የድሮውን አግኝቼ ስጭን ደግሞ አንድ መስመር እስክጽፍ ቡና ይፈላል» አለኝ።

የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፤ የትኛውን ልጠቀም? መልሱ ግን አንድ አይደለም። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት ንጽጽሮች ብዙ የሚያወሩት ስለ ቀለምና ስለ ተጨማሪ ቅጥያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ አሮጌ ማሽን ላይ፣ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ግን ከዚያ የሚቀድሙ ሁለት ነገሮች አሉ። የጻፍኩት ፊደል ተቀምጦ ሲከፈት ፊደል ሆኖ ይገኛል ወይ? መብራት ሲሄድስ ይተርፋል ወይ? እኔ የምመርጠው በእነዚህ ነው።

ኤዲተር ስል ወርድን ወይም ሊብሬኦፊስን ማለቴ አይደለም። ኅዳግ፣ ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ፣ ሠንጠረዥ ያለው ደብዳቤ የእነሱ ሥራ ነው። ኤዲተር ባዶውን ጽሑፍ ብቻ ይይዛል። ለኮድ፣ ለማስታወሻ፣ ለረቂቅ፣ ለድረ ገጽ ይሆናል። እኔ ረጅም ነገር ስጽፍ መጀመሪያ ኤዲተር ላይ ነው የምጽፈው፤ ቅርጹን በኋላ ሌላ ቦታ አበጃጃለሁ።

መጀመሪያ ማሽኑን እዩት

አሮጌ ኮምፒውተር ጽሑፍ አይከብደውም። በዛሬው የተለመደ አጻጻፍ፣ ማለትም በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። የላቲኑ 1 ባይት ነው። 2,000 ፊደል ያለው ገጽ ቢበዛ 6 ኪሎባይት ገደማ ነው ማለት ነው። 300 ገጽ መጽሐፍ 2 ሜጋባይት አይሞላም። ይህ ለፔንቲየም 4 እንኳ ምንም አይደለም። የሚከብደው ጽሑፉ ሳይሆን የምንጽፍበት ፕሮግራም ነው።

ስለዚህ ማይ ኮምፒውተር ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጉና ፕሮፐርቲስን ክፈቱ። ሦስት ነገር ጻፉ፤ ስንት ራም አለው፣ የትኛው ዊንዶውስ ነው፣ 32 ቢት ነው ወይስ 64። የመጨረሻው ብዙ ሰው ያሳስታል። ኮር ቱ ዱዎ ራሱ 64 ቢት የሚችል ፕሮሰሰር ነው። ፎርማት ያደረገው ሰው 32 ቢት ዊንዶውስ ስለጫነበት ብቻ ማሽኑ 32 ቢት ነው ተብሎ ይታለፋል። የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ እንደዚያ ነበር።

የዊንዶውሱ ዕድሜም ይታያል። የኤክስፒ ድጋፍ የቆመው በ2014 ሚያዝያ ነው፤ የ7 በ2020 ጥር፤ የ10 ደግሞ በ2025 ጥቅምት። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው። ድጋፍ ቆመ ማለት ማሽኑ ይቆማል ማለት አይደለም። የደህንነት ጥገና አይመጣለትም፣ አዳዲስ ፕሮግራሞችም አንድ በአንድ ፊታቸውን ያዞሩበታል ማለት ነው። የእትዬን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ጋር አላገናኘነውም። ፍላሽ ግን የሚመጣው ከሰው ሁሉ ነው። እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ፊደሉ

ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ጣጣ የሚጀምረው ከዩኒኮድ በፊት ነው። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጥ የጋራ ሥርዓት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999፣ በ3.0 ስሪቱ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ መንገድ ነበረው። እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በድሮ ስሪቶቻቸው የፊደሉን ቅርጽ የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። ስክሪኑ ላይ «ሀ» ይታያል፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን የላቲን ምልክት ነው። ልብሱ ሲወልቅ እርቃኑን የሚቀር ጽሑፍ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፋይል የትኛውም ኤዲተር ላይ ብትከፍቱት ድንብርብሩ የወጣ ላቲን ነው የሚታየው። ጥፋቱ የኤዲተሩ አይደለም። ኤዲተር በመቀያየር አትድከሙ፤ የሚያስፈልገው ወደ ዩኒኮድ መለወጫ ነው።

የእትዬ ችግር ሌላ ነው። የእሳቸው ጽሑፍ ጤነኛ ዩኒኮድ ነበር። ኤክስፒና 7 ላይ ያለው ኖትፓድ ግን አዲስ ፋይል ሲያስቀምጥ ራሱ የሚመርጠው ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደልን በቁጥር የማስቀመጫ መንገድ፣ አንሲ የሚባለው ነው። አንሲ ውስጥ ለአማርኛ ቦታ የለም። ቦታ ያጣው ፊደል ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ይህ እንደ ፓወር ግዕዙ የሚመለስ አይደለም። «ሀ»ም «ጰ»ም አንድ ዓይነት ጥያቄ ምልክት ከሆኑ በኋላ የትኛው የትኛው እንደነበር ማንም አያውቅም። ኖትፓድ ሳያስጠነቅቅ አያደርገውም፤ ማስጠንቀቂያውን ግን ማን ያነባል? ኖትፓድ ላይ የግድ ከጻፋችሁ፣ ሴቭ አዝ ብላችሁ ከታች ኢንኮዲንግ የሚለው ቦታ ላይ ዩቲኤፍ-8ን ምረጡ። ዊንዶውስ 10 ከ2019ኙ የግንቦት ማሻሻያ ወዲህ ይህን በራሱ ያደርጋል።

ፎንትና ኪቦርድም አሉ። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ሲመጣ ኒያላ የሚባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ ነው የመጣው። ስለዚህ 7 ላይ አማርኛ ማንበብም መጻፍም ምንም ሳይጫን ይቻላል፤ ኪቦርዱን ከኮንትሮል ፓነል መጨመር ብቻ ነው። ኤክስፒ ላይ ግን ባዶ ሳጥን በሳጥን ነው። ጂኤፍ ዘመን ዩኒኮድን ወይም አቢሲኒካን የመሰለ ፎንት ይጫናል፤ ለመጻፊያ ደግሞ የቆየ የኪይማን ስሪት። በዊንዶውስ ፈንታ በነፃ የሚጫነው ሊኑክስ ላይ አቢሲኒካና ኖቶ ኢትዮፒክ የሚባሉት ፎንቶች በነፃ ይገኛሉ። መጻፊያው አይባስ ከሚባለው ጋር አብሮ የሚሠራ ኤም 17 ኤን የሚባል ጥቅል ነው። ውስጡ ለአማርኛ የሚያገኙት ዘዴ ሴራ ይባላል። ስሙ አያስደንግጣችሁ። በላቲን ፊደል እየመቱ ግዕዝ የሚጽፉበት ሥርዓት ነው፤ በ1990ዎቹ እነ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያዘጋጁት። ዛሬም ያገለግላል።

ታዲያ የትኛው?

ከተራው ኖትፓድ እንጀምርና እንለፈው። ሁሉም ዊንዶውስ ላይ አለ፣ ፈጣን ነው፣ ራም አይበላም። ድሮው ኖትፓድ ግን አንሲ ላይ ይጥላችኋል፣ የሠራችሁትን አንድ እርምጃ ብቻ ነው ወደ ኋላ የሚመልሰው፣ መብራት ሲሄድ ምንም አያስተርፍም። ስልክ ቁጥር ለመጻፍ ይሁን።

ዊንዶውስ ላይ ላለ አብዛኛው ሰው የእኔ መልስ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ነው። ዶን ሆ የሚባል ሰው በ2003 ያወጣው ነፃ ፕሮግራም ነው። ውስጡ ያለው ሞተር ሲንቲላ ይባላል፤ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ቀላል ነገር ነው። ማውረጃው 10 ሜጋባይት አይሞላም፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ከዚያም ሳይጫን ከፍላሽ ላይ በቀጥታ የሚነሳ ስሪት አለው። ፍላሼ ላይ ሁልጊዜ አለ። የሰው ኮምፒውተር ላይ ስቀመጥ የራሴን ኤዲተር ከነማስተካከያው ይዤ ነው የምቀመጠው።

ኤክስፒ ላይ የሚሄደው የመጨረሻው ስሪት 7.9.2 ነው። ዊንዶውስ 7 ያላችሁ ከዚያ በኋላ የመጡትን የ8 ስሪቶች መጫን ትችላላችሁ። እንደጫናችሁ ወዲያው ሁለት ነገር አስተካክሉ። ሴቲንግስ ውስጥ ፕሪፈረንስስ ግቡና ኒው ዶኪዩመንት የሚለው ቦታ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን እዩ። ከዚያ ባክአፕ የሚለውን ክፈቱ። ያልተቀመጠ ሥራችሁን በየ7 ሴኮንዱ ለብቻው ይገለብጣል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፕሮግራሙን ስትከፍቱት ስም እንኳ ያልሰጣችሁት ገጽ እዚያው ይጠብቃችኋል።

ይህን ሳመሰግን አንድ ነውሩን አልደብቅም። ተጠቃሚዎቹ በደንብ የሚያውቁት ነው። ፋይሉ ሴቭ እየተደረገ ባለበት ቅጽበት ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ፣ አንዳንዴ ፋይሉ ርዝመቱን እንደያዘ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ስትከፍቱት መስመር ሙሉ ጥቋቁር ምልክት ነው። ምክንያቱ ዊንዶውስ የፋይሉን መጠን ዲስኩ ላይ መዝግቦ ይዘቱን ገና ሳይጽፍ መብራቱ ስለሚቀድመው ነው። መድኃኒቱ እዚያው ባክአፕ ገጽ ላይ አለ። ባክአፕ ኦን ሴቭ የሚለውን ቨርቦስ አድርጉት። ሴቭ ባደረጋችሁ ቁጥር የበፊቱን ፋይል ቀንና ሰዓት ጽፎበት ለብቻው ያስቀምጣል። ፎልደሩ ይሞላል፣ አያምርም። ግን ጽሑፍ ትንሽ ነው፤ ስሌቱን ቅድም አይተነዋል።

ወደ ቪኤስ ኮድ ልምጣ፤ ወጣቶቹ ሁሉ የሚጠይቁኝ እሱን ነውና። ጥሩ ኤዲተር ነው። ሥልጠናዎቹም የሚያሳዩት በእሱ ነው። ችግሩ የተሠራበት ነገር ነው። ኤሌክትሮን በሚባል መሠረት ላይ ቆሟል፤ ማለትም ሆዱ ውስጥ ሙሉ ክሮሚየም ብሮውዘር አለ። ኤዲተር የከፈታችሁ ይመስላችኋል፤ የከፈታችሁት ብሮውዘር ነው። ወረቀቱ 1 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል ይላል። 2 ጊጋባይት ላይ፣ ከጎኑ የትምህርቱ ቪዲዮ በሌላ ብሮውዘር ተከፍቶ፣ ሞክሩትና ትረዱኛላችሁ። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ስሪት የ2022ቱ 1.70.3 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው አይጫንም። የእህቴን ልጅ ያስቸገረው ይኸው ነው። 4 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዲስክ) ካላችሁ ተጠቀሙበት፣ አልቃወምም። ከዚያ በታች ከሆነ ግን ኤዲተሩን ሳይሆን ራሳችሁን ነው የምታደክሙት። ገንዘብ ካላችሁ ደግሞ ያገለገለ ራም ገዝቶ መጨመር ከየትኛውም የኤዲተር ምርጫ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ሰብላይም ቴክስት የሚባልም አለ። ከ2008 ጀምሮ ያለ፣ እጅግ ፈጣን፣ የሚያምር። ግን የሚከፈልበት ነው፤ በዶላር። ሳይከፍሉ መሞከር ይቻላል፣ አልፎ አልፎ «ግዛኝ» እያለ ያስታውሳችኋል። ክራክ ፍለጋ አትሂዱ። ነፃዎቹ ይበቃሉ።

ዊንዶውስን ለመተው ዝግጁ ከሆናችሁ ነገሩ ሁሉ ይቀላል። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ከቀላል ዴስክቶፕ ጋር፣ ለምሳሌ ከኤክስኤፍሲኢ ጋር፣ ኮር ቱ ዱዎ ላይ ደህና ይሄዳል። እዚህ ላይ ያ የ32 እና የ64 ቢት ጉዳይ ይመጣል። በ2025 ነሐሴ የወጣው ዴቢያን 13 ለ32 ቢት ማሽን መጫኛ የለውም። ንጹሕ 32 ቢት ፔንቲየም 4 ያለው ሰው የሚጭነው 12ን ነው። ኮር ቱ ዱዎ ያለው 64 ቢቱን 13 መጫን ይችላል።

እዚያ ላይ የምመክረው ጂኒ ነው። በ2005 የተጀመረ፣ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ በቆመበት በዚያው ሲንቲላ ላይ የተሠራ። ልዩነቱ ኮድ ለሚማር ሰው የታሰበ መሆኑ ነው። ኤፍ 5ን ስትጫኑ የጻፋችሁትን ፕሮግራም ያስነሳዋል። ከታች ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት፣ አለው። በግራ በኩል የፈንክሽኖቹን ዝርዝር ያሳያል። ተማሪ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ራስ በራሱ ሴቭ ማድረጉ ግን ከመጀመሪያው አልተከፈተም። ፕለጊን ማኔጀር ውስጥ ሴቭ አክሽንስ የሚለውን ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ። አብሩት። ማስታወሻ ብቻ ለሚጽፍ ሰው ከኤክስኤፍሲኢ ጋር የሚመጣው ማውስፓድ ይበቃዋል፤ የሊኑክሱ ኖትፓድ በሉት፣ አማርኛውን ግን አያበላሽም።

ቪም እና ኢማክስ

ሁለቱ ሽማግሌ ኤዲተሮች ላይ ትንሽ ልቆይ። አሮጌ ማሽን ሲባል ሁሉም የሚጠራቸው እነሱን ነው።

ቪምን ብራም ሞሌናር የሚባል ሆላንዳዊ በ1991 አወጣው። በነፃ ሰጥቶ፣ የምትችሉ ኡጋንዳ ላሉ ችግረኛ ሕፃናት እርዱ ብሎ ፕሮግራሙ ውስጥ ጻፈበት። እሱ በ2023 አርፏል፤ መልእክቱ አሁንም ቪም ሲከፈት ይታያል። ለመብራት ጉዳይ ቪምን የሚያህል የለም። 200 ፊደል በጻፋችሁ ቁጥር፣ ወይም 4 ሴኮንድ እጃችሁን ባሳረፋችሁ ቁጥር፣ ሥራችሁን ስዋፕ ፋይል በሚባል ጊዜያዊ ፋይል ላይ ያሰፍራል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ያንኑ ፋይል ስትከፍቱ «ያልተጠናቀቀ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ልመልሰው?» ይላችኋል። 512 ሜጋባይት ራም ላይ ሳይተነፍስ ይሠራል።

አማርኛ ለመጻፍ ግን አልመክረውም። ቪም ውስጥ የመጻፊያ ሁኔታና የማዘዣ ሁኔታ ተለያይተዋል። ትእዛዞቹ የላቲን ፊደላት ናቸው። የኮምፒውተሩ ኪቦርድ አማርኛ ላይ እያለ ወደ ማዘዣው ስትመለሱ የምትመቱት ሁሉ «ደ» እና «ይ» ይሆንና ቪም ዝም ብሎ ያያችኋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ኪቦርዱን ስንት ጊዜ ወዲያና ወዲህ! በዚያ ላይ ተርሚናል ለሁሉም ፊደል እኩል ስፋት ነው የሚሰጠው። «ጬ» እና «ሿ» ከጎረቤታቸው ጋር ይጋፋሉ። ኮድ በላቲን ለሚጽፍ ግን ወርቅ ነው። ናኖ የሚባለው ቀላል ኤዲተርም ተርሚናል ላይ ስለሚሠራ የፊደል መጋፋቱ ይደርስበታል። የመማር ጣጣ ግን የለውም፤ ትእዛዞቹ ከታች ተጽፈውለታል።

በነገራችን ላይ ያለ መስኮት፣ በጥቁሩ ኮንሶል ብቻ፣ አማርኛ ማንበብ ይቻላል። የሊኑክስ ኮንሶል በአንዴ ከ512 በላይ ቅርጽ አይዝም፤ ዴቢያን ግን ጎሐ የተባለ የኢትዮጵያ ፊደል የኮንሶል ፎንት አለው። ጠቃሚ ነው አልልም። ግን ጥቁር ስክሪን ላይ «ሰላም» ሲወጣ አይቼ ብቻዬን ስቄያለሁ።

ኢማክስ ሌላ ነገር ነው። የጂኤንዩው ኢማክስ ከ1985 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። በዚያ ዘመን «ስምንት ሜጋባይት ይበላል» እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ዛሬ ከቪኤስ ኮድ ጎን ሲቀመጥ ጾመኛ ነው። እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነው። በ1997 ከወጣው 20ኛው ስሪት ጀምሮ የግዕዝ መጻፊያ ዘዴ ውስጡ አለ። ዊንዶውስ የአማርኛ ኪቦርድ ከማምጣቱ 10 ዓመት በፊት! ኮንትሮል ይዛችሁ ኤች፣ ቀጥሎ ኤች ብቻ ብትመቱ በዓለም ቋንቋዎች የተጻፈ የሰላምታ ዝርዝር ይከፈታል። አማርኛ ብሎ፣ በንጉሡ ሠ ጽፎ፣ «ሠላም» ይላችኋል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ፈረንጅ ሠፈር ውስጥ የሰፈሬን ሰው ያገኘሁ ያህል ነበር የተሰማኝ።

ጥቅሙ ከስሜት ያልፋል። ፎንቱ ብቻ ይኑር እንጂ ኪይማንም፣ የዊንዶውስ ኪቦርድም አያስፈልግም፤ ኢማክስ ራሱ ይጽፋል። የቆዩ ስሪቶቹ ኤክስፒ ላይም ይሄዳሉ። ቪም ላይ ያማረርኩት ችግርም የለም። አማርኛ መጻፊያው የሚነካው የሚጻፈውን ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ትእዛዞቹ በላቲን እንደሆኑ ይሠራሉ። ለመብራቱም ቢሆን በየ300 ምቱ፣ ወይም 30 ሴኮንድ ገደማ ስታርፉ፣ ራሱ ይገለብጣል። ታዲያ ለምን ለሁሉም ሰው አልመክርም? ለመማር ሳምንታት ስለሚፈልግ። ሁለት ቀን ሞክሮ ለመተው ከሆነ አትጀምሩት። ቤቴ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ግን የምጽፈው በእሱ ነው፤ ይህንንም ጭምር።

ስለ ፍለጋ

ማንም ንጽጽር ላይ የማላገኘው ነገር ይኼ ነው። አማርኛ ውስጥ ሀ፣ ሐ እና ኀ አሉን። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። አንዱ «ፀሐይ» ይላል፣ ሌላው «ጸሀይ»። ኤዲተር ይህን አያውቅም። ረጅም ጽሑፍ ውስጥ አንዱን ፈልጋችሁ ሌላው ያመልጣችኋል።

መፍትሔው ሬጉላር ኤክስፕረሽን የሚባለው የፍለጋ ዘዴ ነው። ካሬ ቅንፍ ውስጥ የምታስገቧቸው ፊደላት «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ናቸው። ስለዚህ [ፀጸ][ሐሀኀሓሃኃ]ይ ብላችሁ ስትፈልጉ አጻጻፉ ምንም ይሁን ሁሉም ይገኛል። [ዓአዐ]ለም ስትሉ ዓለምም አለምም ይመጣል። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ላይ ኮንትሮልና ኤፍ ተጭናችሁ ከታች ሬጉላር ኤክስፕረሽን የሚለውን ምረጡ። ጂኒ፣ ቪም፣ ኢማክስ፣ ቪኤስ ኮድም ይችሉታል። ተራው ኖትፓድ አይችልም። ይህ ብቻውን እሱን ለመተው ይበቃል።

ከዚህ የቀለለም አለ። ብዙ ሰው አራት ነጥብ ሲፈልግ ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታል፤ «፡፡»። ዓይን «።» ያነበዋል፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። መስመር መጨረሻ ላይ ተሰንጥቆ አንዱ ወደ ታች የሚወርደውም በዚህ ነው። በሙሉ «።» ብላችሁ ተኩት። እትዬ ጋር ከሚመጣው ጽሑፍ ሁሉ በመጀመሪያ የምናደርገው ይህ ሆኗል።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ፈተና

ኤዲተሩን ከጫናችሁ በኋላ የሰው ሥራ ሳይኖርበት ሞክሩት። አንድ አንቀጽ አማርኛ ጻፉ። አስቀምጡ፣ ዝጉ፣ ክፈቱ፣ ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱ። ከዚያ ሌላ አንቀጽ ጨምሩና ሴቭ ሳታደርጉ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ። አሁን ሶኬቱን ንቀሉት። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን አውጡ፤ አሮጌ ላፕቶፕ ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ የሞተ ስለሆነ ለውጥ የለውም። ሲነሳ ሁለተኛው አንቀጽ ካለ ኤዲተራችሁን አግኝታችኋል። ከሌለ ደግሞ እውነተኛው መብራት ሳይቀድማችሁ ማወቃችሁ ነው። ዲስኩን እንዳትጎዱ ግን አንዴ ይበቃል፤ መጫወቻ አታድርጉት።

የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ 64 ቢት ዴቢያንና ጂኒ ገቡ። ሁለት ቀን አኮረፈኝ፤ ጓደኞቹ ሁሉ ቪኤስ ኮድ ነው ያላቸው። በሦስተኛው ቀን ኤፍ 5ን አገኘ፣ ታረቅን። እትዬ ጋር ኢማክስን አንስቼ አላውቅም፤ ዕድሜዬን እወዳለሁ። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ 7.9.2ን ጫንኩላቸው፣ ባክአፑን አስተካከልኩ፣ የድሮውን ኖትፓድ ከዴስክቶፑ ላይ አነሳሁ። ጥያቄ ምልክት የሆነውን ውል ደንበኛው በፍላሻቸው ላይ ከነበረው ዋናው ፋይል መልሰን ሠራነው። «ቀለሙ ምነው በዛ?» ብለው ነበር መጀመሪያ። አሁን ለምደውታል።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ደወሉ።

«የኔ ልጅ፣ ሰውዬው የራሱን ፋይል ከፍቶ ሲጽፍ ነበር፤ ሴቭ ልል ስል በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ።»

«የድሮው ኖትፓድ ነው የተከፈተው?»

«ነጩ ነው።»

«ምን ይላል እትዬ?»

«ዩኒኮድ ምናምን፣ አንሲ ምናምን ይላል። እሺ ልበለው?»

«እምቢ ይበሉት። አሁን እወርዳለሁ።»